ቁጭ ያለው ሽማግሌ

በዓለም ላይ ቁጥር የማያውቅ ሕዝብ ቢኖር እንግሊዝ ነው። አትቆጡ፣ ማስረጃ አለኝ።

እንግሊዝ አንድ ሱሪ ለብሶ «ሱሪዎቼ» ይላል። አንድ መቀስ ጠፍቶበት «መቀሶቹ የት ሄዱ?» ብሎ ቤተሰቡን ያምሳል። አፍንጫው ላይ የተሰካችው መነጽር አንድ ሆና ሳለ በእሱ አፍ ብዙ ናት። ሱሪ ሁለት እግር አለው፣ መነጽርም ሁለት መስታወት አላት ብላችሁ ልትከራከሩለት ትችሉ ይሆናል። ታዲያ ሸሚዝስ ሁለት እጅጌ የለውም? ሸሚዝ ላይ ሲደርስ አንድ ይላል! ቤት ሙሉ ሶፋ፣ ጠረጴዛና ቁምሳጥን በመኪና አስጭኖ ሲገባ ደግሞ «ፈርኒቸር» ብሎ በነጠላ ይገላገለዋል። ዜናው፣ «ኒውስ» የሚለው፣ ጅራቱ ላይ የብዙ ቁጥር ምልክት ለጥፎ እንደ አንድ ይቆጠራል። ምክር ደግሞ ጭራሽ ብዙ ቁጥር የላትም። አንድ ጊዜም ምከረው መቶ ጊዜ፣ ያው «አድቫይስ» ናት። በዚህች በዚህች እንኳ ሳይገባው አልቀረም... እኔን ባለቤቴ በትዳራችን ዘመን የመከረችኝ ሁሉ ቢደመር አንድ አይሞላም።

እኛም ብንሆን ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። አንድ ሽማግሌ ብቻቸውን በበር ሲገቡ «መጡ» እንላለን፤ የሰማ ሰው ጉባኤ የገባ ይመስለዋል። ልዩነቱ፣ የእኛ ብዙ ቁጥር የሚመዝነው ክብደት ነው። የእንግሊዝ ምን እንደሚመዝን እግዜርና እንግሊዝ ያውቃሉ።

ይሁንና በቁጥሩ የተከበረ አንድ ነገር አለው። ሲያመሰግን በብዙ ነው፣ «ታንክስ» ይላል። እንኳን ደስ አለህ ሲልም በብዙ ነው፣ «ኮንግራጁሌሽንስ» ይላል። መጨረሻዋ ላይ ያለችው ኤስ ካልተጨመረች ደስታው ጎደሎ ነው። እኛ አገር ግን ኬክ ጋጋሪው፣ ባነር አታሚው፣ የሚያብለጨልጭ የወረቀት ፊደል ሻጩ ሁሉ ስብሰባ ተቀምጠው የወሰኑ ይመስል ኤሷን አስቀርተዋታል። ኬኩ ላይ «ኮንግራጁሌሽን»። ግድግዳው ላይ «ኮንግራጁሌሽን»። እናንተ ተመርቃችሁ ከሆነ አልበማችሁን ግለጡ፣ ከኋላችሁ ተሰቅላ ታገኟታላችሁ።

እኔ እንደዚህ ዓይነት ነገር ባየሁ ቁጥር ጥርሴን ያመኛል። ሰው ሁሉ «ምን አገባህ?» ይለኛል። በእርግጥ አያገባኝም። ግን በዚሁ ሰበብ የእህቴ ልጅ ሳያገባ ሊቀር ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።

የእህቴ ልጅ ናሆም ሰበታ ከተማ የመኪና ባትሪ ይሸጣል። ጨዋ ልጅ ነው። ባለፈው ዓመት ግን ራስ ምታት ያዘው። የራስ ምታት ክኒን ለመግዛት ከሰበታ ይነሳና፣ አዲስ አበባን ከዳር እስከ ዳር ሰንጥቆ፣ እንጦጦን ወጥቶ ወርዶ ሱሉልታ ድረስ ይሄዳል። መንገድ ላይ ያሉት መድኃኒት ቤቶች ሁሉ ክኒናቸው አይስማማውም! እናቱ ደንግጣ ጭንቅላቱን ራጅ ይነሳ አለች። እኔ ደግሞ ራጅ ከተነሳ አይቀር ትንሽ ዝቅ ተብሎ ደረቱ ላይ ይነሳ አልኩ። አልተሳሳትኩም። ሱሉልታ ያለችው የመድኃኒት ባለሙያ ሌንሳ ትባላለች።

ልጆቹ ተስማምተዋል። የቀረው አባቷ ኦቦ በዳዳ ናቸው። ኦቦ በዳዳ ሱሉልታ ተወልደው፣ እዚያው እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ወደ አባታቸው ሥራ ተመልሰው ላም የሚያረቡ ሰው ናቸው። ሚስታቸው ሞተዋል። ሌንሳ ለናሆም ቁርጡን ነግራዋለች፦ አባቴ ከልቡ ካልመረቀኝ አላገባም፤ አልጨቀጭቀውምም፤ ያለኝ እሱ ብቻ ነው። ናሆም በበኩሉ፣ የወጣት ነገር፣ ሽማግሌ ሳይልክ ለጥር ሰበታ ላይ አዳራሽ ይዟል። ጥር ካለፈ ሁዳዴ ይመጣል፤ ሁዳዴ ከገባ እስከ ፋሲካ ሰርግ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ አዳራሹ ለሌላ ሰው ነው። ልጁ ክኒኑን የምሩን መዋጥ ጀመረ።

ሽማግሌ መመረጥ ነበረበት። እንደምታውቁት ሽማግሌ በአንድ አይላክም፤ ሦስት ይሆናል። የመጀመሪያው ያለ ክርክር ኦቦ ጉተማ ሆኑ። ቡራዩ ውስጥ ጎረቤቴ ናቸው፤ ከገፈርሳ ወዲህ ያለውን ሰው ግማሹን አጋብተዋል፣ ግማሹን አስታርቀዋል፤ ያጋቧቸውንም ያስታረቁበት ጊዜ አለ። በኦሮምኛም በአማርኛም አፋቸው ማር ነው። ጉልበታቸው ብቻ አልታዘዝ ብሏቸዋል። ሁለተኛው የናሆም የሱቅ ጎረቤት አቶ ሙላት ነው፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይነግዳል፤ ቃል ሲናገር እንደ ሚስማር እየቆጠረ ነው። ሦስተኛው... እህቴ እኔን ጠራች። ወንድሜ መጽሐፍ ያነበበ ነው፣ ይናገርልናል አለች።

ባለቤቴ ውድነሽ ይህን ስትሰማ ወጥ ማማሰሏን አቆመች።

«እሱን?» አለች። «ቄሱ ሲያስተምሩ እንኳ በሆዱ የሚያርም ሰው?»

ቅር አለኝ። በሆዴ መሆኑ ግን እንደ መልካም ጠባይ ሊቆጠርልኝ ይገባ ነበር።

እሁድ ጠዋት ጋቢያችንን ደርበን ከቡራዩ ተነሳን። ኦቦ ጉተማ መንገዱን ሁሉ ሲያስጠኑን ሄዱ። የሚናገሩት እሳቸው ናቸው፤ የእኛ ሥራ ራስ መነቅነቅ ነው። ግቡ ስንባል እንገባለን፤ ተቀመጡ ስንባል ግን አንቀመጥም። ጉዳያችን ተሰምቶ መልስ እስኪሰጠን ድረስ ወንበር አይነካም፣ እህል ውሃ አይቀመስም። «የቆመ ሽማግሌ ጉዳይ ነው፤ የተቀመጠ ሽማግሌ እንግዳ ነው» አሉ፣ እኔን እያዩ። ለምን እኔን ብቻ እንዳዩ አልገባኝም ነበር።

የሱሉልታ ብርድ ጆሮ ይቆርጣል። ኦቦ በዳዳ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ኮት ለብሰዋል፣ ከረባት አስረዋል። «አካም ጂርቱ፣ አካም ጂርቱ» እያሉ የኦቦ ጉተማን ትከሻ አቅፈው አስገቡን። ወንበሮቹን እየጠቆሙ ታአ፣ ታአ፣ ተቀመጡ አሉ። ኦቦ ጉተማም ጉዳይ ይዘን ነው የመጣነው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው እንደ ወጉ መለሱ። ኦቦ በዳዳ ራሳቸውን ነቀነቁ። እንደ ወጉ ከሆነ ቆዩ፣ ጥጃዋን አስሬ ልምጣ ብለው ወጡ። እኛ ሦስታችን ግድግዳ ተደግፈን ቆመን ቀረን።

ያቺ ጥጃ ናት ጉድ ያደረገችኝ። ፈጥና ብትታሰር ኖሮ ዓይኔ ወዲያ ወዲህ አይልም ነበር።

ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ የሌንሳ የምረቃ ፎቶ አለ። ከፎቶው በላይ በክር የተሰካኩ ወርቃማ የወረቀት ፊደሎች ከጥግ እስከ ጥግ ተሰቅለዋል። ልጅቷ ከተመረቀች ቆይታለች፤ ፊደሎቹ ግን አቧራ እንኳ የለባቸውም። ሰው በየጊዜው ይወለውላቸዋል። አነበብኩ። «ኮንግራጁሌሽን»።

ታገልኩ። እመኑኝ፣ ታገልኩ። ጣሪያ አየሁ። የአቶ ሙላትን ጫማ አየሁ። አባታችን ሆይ ደገምኩ፤ «በደላችንን» የሚለው ጋ ስደርስ ብዙ ቁጥር ነው ነጠላ ብዬ ማሰብ ጀመርኩና ተውኩት። ወዲያው ኦቦ በዳዳ ተመለሱ፤ ዓይኔ የት እንዳረፈም አዩ። ፊታቸው በራ።

«የልጄ ምረቃ ጊዜ የሰቀልኩት ነው» አሉ። «እኔ ራሴ መርጬ ገዝቼ።»

እዚህ ላይ፣ አንባቢ ሆይ፣ አንተ ብትሆን ምን ትላለህ? «እንኳን ደስ አለዎ» ትላለህ። ወገብህን ሰበር አድርገህ ሁለት ጊዜ ትላለህ። የሦስት ዓመት ሕፃንም ይህን ያውቃል።

«መጨረሻው ላይ አንድ ፊደል ሳይወድቅ አልቀረም» አልኩ እኔ።

ኦቦ ጉተማ ሳል ያዛቸው።

«የትኛው ፊደል?» አሉ ኦቦ በዳዳ።

«ኤስ።»

«አልወደቀችም። መጀመሪያም አልነበረችም።»

«እኮ! መኖር ነበረባት።»

«እንደ መጽሐፉ መኖር አለባት» አሉ ረጋ ብለው። «ዕድሜዬን ያስተማርኩት ነው። ግን ያለችኝ አንድ ናት።»

አስተዋይ ሰው እዚህ ላይ ዝም ይላል። የኦቦ በዳዳ ሚስት መሞት የተነገረው፣ ጉዳዩን የሚያውቅ፣ ልብ ያለው ሰው ዝም ይላል። እኔ ግን መጽሐፍ ያነበብኩ ሰው ነኝ። አንድ ሰውም ቢመረቅ ደስታው ብዙ ነው፣ ሱሪም አንድ ሆኖ ብዙ ነው ብዬ ቀጠልኩ። ካፍ ከወጣ አፋፍ!

እሳቸውም ዝም የሚሉ አልሆኑም። የሱሪው ጉዳይ ለዓመታት ሲከነክናቸው የኖረ ነው። ተማሪዎቻቸው ሲጠይቋቸው መልስ አጥተው «እንግሊዝን ጠይቁት» እያሉ ነው ያሳለፏቸው። ሸሚዙን አነሱ። እኔ መቀሱን አነሳሁ። አንድ ወንበር ስበው ተቀመጡና ፊት ለፊታቸው ያለውን ሌላ ወንበር በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚከራከረኝ ሰው አጣሁ፣ ላም አይከራከርም አሉ። ሳቅሁ። ዓይናቸው ውስጥ የነበረው ብልጭታ የእውቀት ፍቅር መስሎኝ ነበር።

መቼ እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አቶ ሙላት በኋላ እንደ መሰከረብኝ ከሆነ የተቀመጥኩት መነጽር ላይ ስንደርስ ነው። እሱ ሊያስታውሰኝ እግሬን ረግጦኝ ነበር አሉ፤ እኔ ቦታ የጠበበው መስሎኝ እግሬን ሰብሰብ አደረግሁለት። ኦቦ በዳዳ በዚህ መሃል ብድግ ብለው ጓዳ ገቡና በትልቅ ብርጭቆ እርጎ ይዘው መጡ። ክርክር ጉሮሮ ያደርቃል። «ፈርኒቸር» ላይ ነበርን። እሳቸው ብርጭቆውን ወደ እጄ ሲያስጠጉ እኔ አፌ ቁምሳጥን እየቆጠረ እጄ ተቀበለ። አንድ ጊዜ ተጎነጨሁ። የሱሉልታ እርጎ ታውቁታላችሁ አይደል? ጨለጥኩት።

ኦቦ በዳዳ ንግግራቸውን አቆሙ። መጀመሪያ ባዶውን ብርጭቆ፣ ከዚያ የተቀመጥኩበትን ወንበር፣ ከዚያ ጢሜን አዩ። ቀጥሎ ወደ ኦቦ ጉተማ ዞሩ።

«ጉዳይ አለን ብላችሁ ነበር?»

«አለን እንጂ» አሉ ኦቦ ጉተማ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«እኔ የማየው እንግዳ ነው። ተቀምጧል፤ ጠጥቷል። ለእንግዳ የሚገባውን አድርጌያለሁ።» ተነሱና ኮታቸውን ቆለፉ። «ጉዳይ ያላችሁ ቀን ቆማችሁ ትመጣላችሁ።»

ያን ጊዜ ከወንበሩ የተነሳሁበትን ፍጥነት ለጎረምሳ እንኳ አልመኝም። ግን የቆመ ሽማግሌ ከተቀመጠ በኋላ ቢነሳ ምን ይረባል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የቂጥ ወለምታ ደግሞ ስም እንኳ አልወጣለትም። ኦቦ በዳዳ በር ድረስ ሸኙን። ባዶ እጃችንን እንዳንሄድ ብለው ወተት የሞላ ጀሪካን በእኔ እጅ አስያዙ። ስለ ጠየቃችሁኝ «ታንክስ» አሉ፤ ኤሷን እስከ ዋናው መንገድ ድረስ አስረዘሟት።

በታክሲ ስንመለስ ጀሪካኑን ታቅፌ መሃል ላይ ተቀመጥኩ። በየኮረኮንቹ ወተቱ ይንቦጫቦጫል። አዲሱ ገበያ ወርደን፣ ሌላ ታክሲ ይዘን፣ አስኮ ደረስን። እዚያ ሲደርሱ ኦቦ ጉተማ ጉልበታቸውን እያሹ ተናገሩ።

«በእሁድ ጠዋት ከረባት አስሮ የጠበቀን ሰው ጉዳያችንን ሳያውቅ ቀርቶ ነው?»

ዝም አልኩ። አሁን ዝምታ መጣልኝ!

«ሁሉንም ያውቃል። ልጁንም አይጠላውም። ልጅቱ ስትሄድ ከዚያ ቤት ከላሞቹ ጋር የሚቀረው እሱ ነው። እንቢ ብሎ ልጅቱን ማስቀየም አይፈልግም። እሺ ለማለት ደግሞ አንደበቱ አልፈታለት ብሏል። ሰበብ ነው ሲፈልግ የነበረው።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «አንተ ወንበር ላይ አስቀምጠህ ሰጠኸው።»

ቤት ስንደርስ ናሆም የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ በር ላይ ቆሞ ነበር። ገና ጀሪካኑን ሲያይ ፊቱ በራ። ወተት ሰጧችሁ፣ ጥሩ ምልክት ነው አለ። ሦስታችንንም በየተራ አየ።

«ጋሼ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ቆሎ ምናምን አልቀመስክም አይደል?»

«ቆሎ አልቀመስኩም» አልኩ። እውነቴን ነው፤ ቆሎ በአፌ አልዞረም።

«እርጎ ነው» አለች ውድነሽ፣ ጢሜን እያየች።

ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ናሆም ግን ደረጃው ላይ ተቀመጠና ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ያዘ። ከሱሉልታ ሌንሳ ደወለችለት። አባቷ ሽማግሌዎቹ ከሄዱ ጀምሮ እያፏጩ ነው፤ ላሞቹን ሁለት ጊዜ አበጥረዋል። ጎረቤት ሁሉ «ምን ተባለ?» ሲላቸው፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነበር እንጂ ማንም ምንም አልጠየቀኝም ይላሉ። ውሸት የለበትም። ልጅቷስ ምን ትበል? ስልኩን ሲዘጋ ሁለቱም እያለቀሱ እንደነበር እርግጠኛ ነኝ፤ እኔ ግን አንዱን ብቻ ነው ያየሁት፤ እሱም በቂዬ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ ይቅርታ ስጽፍ ከረምኩ። ጥሩ ይቅርታ ነበር፤ መግቢያ፣ ሐተታና መደምደሚያ ነበረው። ቅዳሜ ኦቦ ጉተማ መጡ። ሊያዳምጡኝ መስሎኝ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። የመጡት ግን እሁድ እንደማልሄድ ሊነግሩኝ ነው። በእኔ ቦታ ኦቦ ቱፋን መርጠዋል። ኦቦ ቱፋ እዚሁ ሰፈራችን ያሉ፣ ጆሯቸው ፈጽሞ የማይሰማ አዛውንት ናቸው። ታአ ቢሏቸው፣ ተቀመጡ ቢሏቸው፣ በእንግሊዝኛም ቢለምኗቸው ወደ ወንበር የሚስባቸው ነገር የለም። ያን ሁሉ ያነበብኩት መጽሐፍ በደንቆሮ ጆሮ ተለወጠ! ከፋኝ፤ ግን ምርጫው ትክክል እንደነበር አልክድም።

ያን እሁድ የሆነውን አላየሁም። የሰማሁት ከአቶ ሙላት ነው፤ እሱ ደግሞ ቃል ስለሚቆጥብ የነገረኝን ሁሉ አምናለሁ።

ኦቦ በዳዳ ከረባታቸውን አስረው ጠብቀዋቸዋል። ወንበር ሲያቀርቡ እንቢ፣ እርጎ ሲያቀርቡ እንቢ ተባሉ። ያ ኤስ ወዳዱስ የት ሄደ ብለው ጠየቁ። ኦቦ ጉተማ ታሟል አሉ። ምኑን ሲሏቸው ምላሱን ብለው መለሱ። ኦቦ በዳዳ ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው፣ ጥጃዋን አስሬ ልምጣ ብለው ወጡ። ጥጃዋ እንደ ታሰረች ሁሉም ያያሉ። ቆዩ፤ በጣም ቆዩ። ቆመው ሲጠብቁ የኦቦ ጉተማ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ አቶ ሙላት ክርናቸውን ይዞ ደገፋቸው። ኦቦ ቱፋ ምኑም ሳይገባቸው እንደ ዋርካ ቆመዋል።

የጓዳው በር ተከፈተና ሌንሳ ወጣች። በወጉ መሠረት የምትጠየቅ ልጅ በዚያን ሰዓት አትታይም። እሷ ግን ነጠላዋን አስተካክላ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፣ ከኦቦ ቱፋ ቀጥሎ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ኦቦ በዳዳ ሲመለሱ ሦስት ትተውት የሄዱት ሽማግሌ አራት ሆኖ ጠበቃቸው።

«አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አሉ።

«ጉዳይ አለኝ፣ አባዬ» አለች። «እስክትሰማኝ አልቀመጥም።»

አቶ ሙላት እንደሚለው፣ ኦቦ በዳዳ ራሳቸው ነበሩ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት። የሰው ፊት ላለማየት ከረባታቸውን ፈቱ፣ በጉልበታቸው ላይ አጠፉ፣ እንደገና ዘረጉ፣ እንደገና አጠፉ። ኋላ ኦቦ ጉተማን ቀና ብለው አዩ።

«ሰበታ ሩቅ ነው?»

«ታክሲ አለ» አሉ ኦቦ ጉተማ።

«ልጁስ መንገዱን ያውቀዋል። ያን ሁሉ ክኒን የገዛው በእግሩ መጥቶ ነው።» ወደ ልጃቸው ሳያዩ ጨመሩ። «እሁድ እሁድ ወተት የሚወስድልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ሁለት ሆነው ይምጡ። አሁን ተቀመጡ።»

ሁሉም ተቀመጡ፤ ከኦቦ ቱፋ በቀር። እሳቸውን ጎትተው ነው ያስቀመጧቸው።

ናሆም ይህን ሲሰማ አቅፎ አነሳኝ። ለምን እኔን እንዳቀፈ እስካሁን አልገባኝም። ምናልባት ባለመሄዴ ይሆናል። ሰው በሠራው ሥራ ሲመሰገን አይቻለሁ፤ ቤቱ በመዋሉ የተመሰገነ ሽማግሌ ግን እኔ የመጀመሪያው ሳልሆን አልቀርም።

አቋሜን ከጠየቃችሁኝ አልተለወጠም። ያቺ ፊደል መኖር አለባት፤ መዝገበ ቃላት ይመስክር። ብቻ ዳኛ ፊት ቀርቤ የማሸንፍበት ነገር ሁሉ ሰው ቤት ገብቼ የምናገረው እንዳልሆነ... ይህንንም ውድነሽ ደጋግማ መክራኝ ነበር መሰለኝ።

ባለፈው ሳምንት የሰርጉ ካርድ መጣ። ወፍራም ወረቀት፣ ጫፉ ወርቅ ቅብ። እኔ የሙሽራው አጎት ነኝ፤ እስከ ዛሬ ወደ ቤታችን የመጣ የሰርግ ካርድ ሁሉ በእኔ ስም ተጽፎ ከጎኑ «ከነባለቤትዎ» ይላል። ይኸኛው ግን የተጻፈው «ለወይዘሮ ውድነሽ ከነባለቤትዎ» ተብሎ ነው። ገለበጥኩት። ፖስታውን አየሁ። በሌላ ቦታ አልተጠራሁም። ናሆምን ስጠይቀው፣ ጋሼ አትቀየም፣ የሙሽሪት አባት ናቸው እንዲህ ይጻፍ ያሉት አለኝ።

ውድነሽ ካርዱን እንግዳ ሁሉ በሚያየው ቦታ፣ ቁምሳጥኑ ላይ አቆመችው። እኔም መነጽሬን ወደ አፍንጫዬ ገፋ አድርጌ፣ «ከነባለቤትዎ» የሚለው አነጋገር በመሠረቱ አንድን ሰው ከሻንጣ እኩል እንደሚያደርገው ማብራራት ጀመርኩ።

አቋረጠችኝ።

«ካርዱ ላይ መጻፍ የረሱት አንድ ነገር አለ» አለች። «እኔ ከነባለቤቴ እመጣለሁ፤ ባለቤቴ ደግሞ ከነዝምታው።»